እጅ የማውጣት ሥራ

ወደ ፖለቲካ ያስገባኝ እጄ ነው። ስለ ጭንቅላቴ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

መካነ ሰላም ዳር የአንድ ትምህርት ቤት አጥር እየገነባሁ ሳለ ሦስት ሰዎች ከመኪና ወርደው ወደ እኔ መጡ። አንደኛው ደብተር ይዟል። ሰላምታውን አሳጥሮ "እስቲ እጅህን" አለኝ። ጭቃውን በሱሪዬ ጠራርጌ ዘረጋሁለት። በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርስ እንደሚያይ መዳፌን ገልብጦ፣ የጠጠረውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየው። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ "ይሄ ነው" አለ።

ለካ በዕጩዎቹ ዝርዝር ውስጥ መምህሩም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ የጤና ባለሙያውም ሞልቶ ኖሯል። የጎደላቸው በጉልበቱ የሚያድር ሰው ነበር። ድርጅቱ "የሠርቶ አደር ልጅ" ሲፈልግ ከርሞ በመጨረሻ እኔን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። ለፖስተሩ ፎቶ መዶሻዬን ይዤ ቆምኩ። እጀታው ተሰንጥቆ በላስቲክ የተጠቀለለ ስለነበር አልወደዱትም። ከሱቅ የሚያብረቀርቅ አዲስ መዶሻ አምጥተው አስያዙኝና ፎቶው ሲያልቅ መልሰው ወሰዱት። እኔም እንግዲህ ከድሃ መደብ የመጣሁ የሕዝብ ልጅ ሆንኩ፤ በተውሶ መዶሻ።

ሙያውን ያስተማረኝ ሽማግሌ ግንበኛ ሰፈሩ ሁሉ "ባለቱንቢው" የሚለው ሰው ነበር። ቱንቢውን፣ ያቺን በክር የምትንጠለጠል የግድግዳ ማስተካከያ ብረት፣ ከኪሱ ለይቶ አያውቅም። መካነ ሰላም ውስጥ ካለው የድንጋይ ግንብ ብዙው በእሱ እጅ ያለፈ ነው፤ ከላላና አጅባር ድረስ እየተጠራ ገንብቷል። ዕጩ መሆኔን ስነግረው ድንጋዩን ማስቀመጡን ሳያቋርጥ "ጥሩ ነው" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "እኛ ያጎበጥነውን መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። እዚያ የምታጎብጠውን ማን ሊያይልህ ነው?" አለ። በሹመቴ ቀንቶ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ገና ሳልመረጥ እንዲህ መተርጎም ጀምሬ ነበር።

እናቴ ደግሞ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቅሬውስ?" አለችኝ።

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። የእኛ ግን መመዝገብና መዋጮ ማዋጣት ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት መጥተህ ትቆፍራለህ፣ ቃሬዛ ትሸከማለህ፣ ውኃና እንጨት ታመጣለህ። ሟቹ ክርስቲያን ቢሆን ቤተ ክርስቲያን፣ እስላም ቢሆን መቃብሩ ድረስ፣ ሁሉም ይሄዳል። ከቅሬ የወጣ ሰው ግን እሳት የሚያጭርበት ጎረቤት፣ ሬሳውን የሚያነሳለት እጅ የለውም። እናቴ ባሏ የሞተባት፣ እኔ ቤት የምትኖር አሮጊት ናት፤ ቅሬዋ በእኔ ስም ነው። እኔ ከወጣሁ እሷም ወጣች ማለት ነው።

"እየመጣሁ እቆፍራለሁ፣ ምን ችግር አለ?" አልኳት። ይህም የምርጫ ቅስቀሳ ነበር።

የቅሬው ዳኛ ሼሁ፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይጠፋ ሽማግሌ፣ ከወይራው ሥር ሰው ሰብስበው ዱዓ አደረጉልኝ። "አንተ ልጅ፣ አላህ ያግዝህ። ትልቅ ቦታ ነው የምትሄደው፤ አብሽር። ቀብር ሲኖር ግን ትመጣለህ" አሉኝ። አሜን አልኩ። አሜን ለማለት ያን ጊዜም ፈጣን ነበርኩ።

አዲስ አበባ የተሰጠኝ ወንበር ይሽከረከራል። ለመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ ወንበሩ እንዳይሽከረከርብኝ መጠበቅ ነበር። ከዚያ ዋናውን ሥራ ተማርኩ። አፈ ጉባኤው "የምትደግፉ" ይላሉ፤ እጅ ይወጣል። "የምትቃወሙ" ይላሉ፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል። "ድምፀ ተአቅቦ" ይላሉ፤ አንድ ሰው ያስላል። "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።" መጀመሪያ ላይ ምኑን እንደምደግፍ ለማወቅ ወረቀቱን አነብ ነበር። ወረቀቱ ግን ይወፍራል፣ እኔ ደግሞ ማታ ትምህርት ዘጠነኛን ጨርሼ የቆምኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከፊቴ የሚቀመጠውን ራሰ በራ ሰውዬ ትከሻ ማየት ጀመርኩ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ የእኔ እጅ ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት ከእሱ መቅደም ጀመርኩ፤ እንዲያውም አንድ ቀን ዞር ብሎ በአድናቆት አየኝ።

እጄ በዚህ ሥራ እጅግ ሠለጠነች። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ሲል ብቻዋን ወጥታ ከሰፈሬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ የወረድኩበት ቀን አለ። ቆዳዋም ለሰለሰ። ሰው ሲጨብጠኝ "የተከበሩ፣ እጅዎ እንዴት ይለሰልሳል" ይለኝ ጀመር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። የመጣሁበትን ምክንያት በሳሙና አጥቤ መጨረሴን ልብ አላልኩም።

ሥራ አልሠራም እንዳትሉኝ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ። የእኛን ሰፈርና ከተማውን የሚለየው ወንዝ ክረምት ሲሞላ በሽተኛ የሚሻገርበት ድልድይ የለም። ጥያቄውን ሦስት ሌሊት ጻፍኩት፣ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት። ተራዬ ሲደርስ ማይኩን ተጭኜ "አመሰግናለሁ የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ በመጀመሪያ ዕድሉን ስለሰጡኝ..." እያልኩ ምስጋናዬን ሳልጨርስ ሰዓቱ አለቀ። በጽሑፍ እንዳቀርብ ተነገረኝ፤ አቀረብኩ። ከብዙ ወራት በኋላ መልስ መጣ፤ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው ይላል። ወንዙም በሂደት ላይ ነበር።

ለዕረፍት አገሬ ስገባ ታዲያ ባዶ እጄን አልገባሁም፤ ሥልጠና ይዤ ገባሁ። ቅሬው ጉዳይ ሲኖረው ከወይራው ሥር ተቀምጦ ሁሉም እስኪስማማ ይነጋገራል። አንድ ሰው "አልስማማም" ካለ ስብሰባው አያልቅም፤ ቢመሽ በነጋታው ይቀጥላል። ይህ እኔን አሳፈረኝ። ትልልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቼ ወይራው ላይ ሰቀልኩና ስለ ዘመናዊ አሠራር አስተማርኳቸው፦ አጀንዳ፣ አብላጫ ድምፅ፣ እጅ ማውጣት፣ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ አስተያየት አለመቀበል። የቅሬው ጸሐፊ ወጣት መምህር ስለሆነ ሁሉንም በጥንቃቄ ጻፈ።

ሼሁ እስክጨርስ አዳመጡኝና አንድ ነገር ጠየቁ። "የተሸነፈው ሰው ሲሞት የሚቀብረው አብላጫው ነው?"

"ሼሁ፣ ይሄ የአሠራር ጉዳይ ነው" አልኳቸው።

"ኸይር" አሉ። ልጃቸው ነኝና ደንቡን ተቀበሉልኝ። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ለሪፖርቴ ጥሩ ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በቀብር ላይ አልገኝ ማለት የጀመርኩት ከዚያም በፊት ነው። መጀመሪያ እየደወልኩ ይቅርታ እጠይቅ ነበር፤ ቀጥሎ መልእክት መላክ፤ ቀጥሎ ምንም። እናቴ በስልክ "ዛሬም ስምህ ተጠርቶ ነበር" ትለኛለች፤ ከቀብር በኋላ ስም ይጠራልና። "ሥራ ላይ ነኝ" እላታለሁ። "እነሱም እኮ ሥራ ፈተው ነው የሚቆፍሩት" ትለኛለች። ኔትወርኩ አስቸገረ እልና እዘጋለሁ።

ከዚያ ባለቱንቢው ሞተ። እናቴ ጠዋት ደወለችልኝ። በማግስቱ ስብሰባ ነበረብኝ፤ ምን ልናጸድቅ እንደነበር ዛሬ ብትገድሉኝ አላስታውስም። ብነሳ እደርስ ነበር፤ ቀብሩ ከከላላ በበቅሎ የሚመጡ ዘመዶቹን ሲጠብቅ ስለቆየ በደንብ እደርስ ነበር። እኔ ግን ሁለት ነገር ላክሁ። አንደኛው ስለ እኔ የሚቆፍር የአክስቴ ልጅ ነው። የሕዝብ ተወካይ ነኛ፤ ለጉድጓድ ደግሞ የራሴን ተወካይ መደብኩ። ሁለተኛው በቢሮው አርማ የታተመ ደብዳቤ ነው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማህተም አለው። "ጉዳዩ፦ የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን ስለመግለጽ" ይላል። ከግርጌው ግልባጭ ለሚመለከታቸው ሁሉ ተብሏል። መሮ አያያዝ ላስተማረኝ ሰው።

ኋላ እንደሰማሁት የአክስቴን ልጅ "ቅሬ በተወካይ አይሆንም" ብለው አካፋ ከልክለውታል። ደብዳቤውን ጸሐፊው በስልክ ከተላከለት ላይ አሳትሞ ለቀስተኛው ፊት ሲያነብ የሟች ሚስት "ምን ይላል?" ብላ ጠየቀች። አጠገቧ የነበረች ሴት "ገና ቁጥሩን እየጠራ ነው" አለቻት ይባላል።

የምርጫ ዘመኑ አለቀ። ድርጅቱ ለቀጣዩ ዙር ሌላ ሰው አገኘ፤ እጁ ከእኔ የሻከረ ቀጥቃጭ። በደንብ አየሁት፣ እውነትም የሻከረ ነው። ሻንጣዬን ይዤ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። እናቴ ታማ ተኝታለች፤ ቁመቷ ያጠረ መሰለኝ። ባለቱንቢው የለም። መዶሻዬ አለ፤ እጀታው ላይ ያለው ላስቲክ ደርቆ ተቆራርጧል።

በማግስቱ ሼሁን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። "እንዴት ሰነበቱ? ደኅና ገቡ?" አሉኝ። አንቱ አሉኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ በኩራት ነገርኳት፤ "አየሽ፣ ሼሁ ሳይቀሩ አከበሩኝ።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ከልጅነትህ ጀምሮ የሚያውቅህ ሰው አንቱ ካለህ፣ አክብሮህ መሰለህ?" አለችኝ። በሳምንቱ ቅሬው ጠራኝ።

ከወይራው ሥር ሰዉ ሁሉ ተቀምጧል። ሼሁ ራሳቸው ጀመሩ። "የጠራንዎት ስለ ድልድዩ አይደለም። ድልድይ የመንግሥት ነው፤ ሲፈልግ ይሠራዋል፣ ካልፈለገ እንደ ድሯችን እንሻገራለን። የጠራንዎት ስለ ቀብር ነው። የቀሩበትን ቀብር ሁሉ እንዳንዘረዝርብዎት እናፍራለን። ሙያ ያስተማረዎት ሰው ሲሞት ግን ወረቀት ነው የላኩልን።" እያንዳንዷ አንቱታ ጥርሴን ታነዝረኝ ነበር። ለመናገር አፌን ስከፍት የመጣልኝ "በመጀመሪያ ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ" የሚል ነው፤ ዘጋሁት።

የድሮው አሠራር ቢሆን ከዚህ በኋላ ገና መነጋገር ነበር። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይማልዳል፣ አንዱ የአባቴን ደግነት ያነሳል፣ ሲመሽ ታርቄ እገባለሁ። አሁን ግን ደንብ አለን። ጸሐፊው ደብተሩን ገለጠና "እንግዲህ በደንባችን መሠረት" አለ። "ከቅሬው ይውጡ የምትደግፉ..."

እጄ ወጣች።

እውነት እላችኋለሁ፣ እኔ አላወጣኋትም። "የምትደግፉ" የሚለውን ስትሰማ የምታደርገውን አደረገች። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት እያየ፣ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ ሰው ጠፍቶ ነበርና ከሁሉ በፊት የታየችው የእኔዋ ናት፤ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለች፣ አምስት ዓመት የሠለጠነች። ጎረቤቶቼ አዩዋት። ፍርዱን ተቀብሎ ነው ብለው አሰቡ መሰለኝ፣ አንድ አንድ እያሉ አወጡ። ሼሁ ብቻ እጃቸው መቁጠሪያቸው ላይ ቀረ።

"ቆይ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው እኮ!" አልኩ።

"ድምፅ ከተሰጠ በኋላ አስተያየት አንቀበልም" አለ ጸሐፊው። ክፋት አልነበረበትም፤ ያስተማርኩትን ነው ያነበበው።

ቤት ስገባ እናቴ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ትጠብቀኝ ነበር። "ምን አሉ?" አለች። ነገርኳት። "ማን ማን እጁን አወጣ?" አለች። "እኔም አወጣሁ" አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳል እስኪያስቸግራት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ እዚያው ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። "ጉልበቴ እስኪደክም የሰው ለቅሶ ስደርስ ኖሬ የኔን ሬሳ አንተ ብቻህን ልትጎትተው ነው?" አለችኝ። ፈራሁ። ድንጋይ ጫንቃ ላይ ተሸክሞ መሰላል መውጣት እንደዚያ አስፈርቶኝ አያውቅም። እናቴን ለብቻዬ ስቀብር ታየኝ።

ቅሬው ቀጥሎ የተሰበሰበ ቀን በቅሎ ፈልግልኝ አለችኝ። ለእኔ የሚያውስ እንደሌለ ታውቃለች፤ በእሷ ስም ጠየቅኩ። ጎረቤታችን በቅሎውን አጥሩ ድረስ አምጥቶ "ለእሳቸው ነው" ብሎኝ ሄደ። እኔ እየሳብኩ፣ እሷ በጋቢ ተጠቅልላ እያቃሰተች ወይራው ሥር ደረስን። ደግፈው አወረዷትና አስቀመጧት።

"አልስማማም" አለች።

ጸሐፊው በትሕትና "እማማ፣ ውሳኔው እኮ አልፏል" አላት።

"እኔ አልስማማም አልኩ። ካላመናችሁ እዚሁ እተኛለሁ፣ እዚሁ እሞታለሁ። ያን ጊዜ የማን ሬሳ እንደሆነ እጃችሁን እያወጣችሁ ትቆጥራላችሁ።"

አምስት ዓመት ምክር ቤት ተቀምጬ ሰው ሲቃወም ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሼሁ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "በቃ፣ ደብተሩን እጠፈው" አሉት ጸሐፊውን። "ሰው አልስማማም ብሏል። ተቀመጡ።" ወረቀት የሰቀልኩበት ምስማር አሁንም ወይራው ላይ አለ፤ ሼሁ እሱ ላይ ጋቢያቸውን ሰቀሉና እሳቸውም ተቀመጡ።

ቀኑን ሙሉ ተነጋገሩ። ተቆጡኝ፤ አንዱ "ሰው ረሳህ" አለኝ፣ አንዱ "ኧረ በአላህ፣ ልጅ ነው" አለ፣ አንዱ የአባቴን ነገር አነሳ። የባለቱንቢው ሚስት ደብዳቤውን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ አውጥታ "ይሄን ምን ላድርገው? ማንበቡን አልችል። መጣል ደግሞ ፈራሁ፣ ማህተም አለው" አለችኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ያለ ወረቀት፣ ያለ ማይክ፣ ያለ ምስጋና "አፉ በሉኝ" አልኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም፤ ሰዓቱም አላለቀም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተስማሙ። የባለቱንቢውን መቃብር በድንጋይ ልሠራ፣ ተራዬም ሆነ አልሆነ ሰው በሞተ ቁጥር ልቆፍር፤ ቅሬው ይበቃል እስኪል። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም አሜን አለ። እናቴን በቅሎው ላይ ሲያወጧት ሦስት ሰው ደገፋት።

የመቃብሩን ድንጋይ ስጠርብ በመጀመሪያው ቀን እጄ ውኃ ቋጠረ፣ በሁለተኛው ፈነዳ። ሚስቱ የሰጠችኝን ቱንቢ አንጠልጥዬ አራት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት። ከዚያ በኋላ ሰው በሞተ ቁጥር ጉድጓዱ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። እስላሙም ክርስቲያኑም ጋ ቆፈርኩ፣ ድንጋይ ፈነቀልኩ፣ ቃሬዛ ተሸከምኩ። ሼሁ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ያያሉ። "በዚያ በኩል ትንሽ ያስፉት" ይሉኛል። "ውኃ ይጠጡ" ይሉኛል። አንቱታው እንዳለ ነው። እኔም ስንት መቃብር እንደቆፈርኩ መቁጠሩን ትቼ እቆፍራለሁ።

እናቴ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሞተች። ጠዋት ነው፤ ውኃ ጠይቃኝ፣ ሳመጣላት አልጠበቀችኝም። ጎረቤት ሰምቶ ገባ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተመታ። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ከደጁ አካፋዬን አንስቼ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ወደ መቃብሩ ሄድኩ።

ስደርስ ሰዉ ሞልቷል። ሸሚዛቸውን ያወለቁ ወንዶች እስከ ጉልበታቸው ቆፍረዋል። ጸሐፊው አለ፣ በቅሎ ያዋሰን ጎረቤት አለ፣ በዚያን ቀን እጃቸውን ያወጡብኝ ሰዎች ሁሉ አሉ። ማንንም ቀና ብዬ ሳላይ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁና አካፋዬን መሬቱ ላይ ተከልኩ።

"ውጣ" አሉኝ ሼሁ።

"ልቆፍር እንጂ፣ ሼሁ። ተስማምተናል።"

"ውጣ አልኩህ እኮ። አንተ ዛሬ ሐዘንተኛ ነህ፣ ሐዘንተኛ አይቆፍርም።" እጃቸውን ወደ ታች ዘረጉልኝ። "ና፣ ልጄ። አንተ ቁጭ በል፤ እኛ አለን።"

እጃቸውን ይዤ ወጣሁ። አካፋውን ተቀብለው ለሌላ ሰው አቀበሉት። እኔም የወጣው አፈር ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።